እንዴት አደርሽ ባዩ በር

አዲስ ጊቤ ማስተማሪያ ሆስፒታል ውስጥ የኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ሰላምታ ሳይለዋወጡ አይከፈትም። ሐኪሙ ፊቱን ያስጠጋል፤ በሩ «እንዴት አደርክ?» ይላል፤ ሐኪሙ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ በሩ ይከፈታል። አዲስ ጊቤ ከተማ በግድቡ ሐይቅ ዳር ከበቀለች ወዲህ ሰው በቁልፍ በር መክፈት ስለተወ፣ በር ሲያናግረው የሚደነግጥ የለም። የሚያስደነግጠው መልሱ የት እንደሚቀመጥ ማወቅ ነው፤ ያንን ደግሞ ለብዙ ዓመታት የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ዶክተር ባንቺአምላክ ይስማው የማህፀንና ፅንስ ስፔሻሊቲዋን ለመጨረስ ጥቂት ወራት የቀሯት ሬዚደንት ናት። የደጀን ልጅ ናት። ጓደኞቿ ባንቺ ነው የሚሏት፤ ቁጣዋ እንደ ግንቦት ዝናብ ነው፣ መጥቶ ወዲያው ያባራል ይላሉ። ይህ ያላባራው ቁጣዋ ታሪክ ነው።

እንደ ማንኛውም ሬዚደንት ጆሮዋ ውስጥ መካሪ አለ። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ከነጭ ጋውኑ ጋር አብሮ ይሰጣል። ድምፁ እንደ ታላቅ እህት ለስለስ ያለ ስለሆነ ተማሪዎቹ «እትዬ» ብለው ስም አውጥተውለታል። እትዬ ስለ በሽተኛ አትናገርም፤ ያንን የሚሠሩ ሌሎች መሣሪያዎች አሉ። የእሷ ሥራ ሬዚደንቱን መምከር ነው። ብዙ ሰዓት ስትቆሚ ጉልበትሽን ፈታ አድርጊ ትላለች። ምሳ ካለፈሽ ውሃ ጠጪ፣ ረሃብና ጥማት ይመሳሰላሉ ትላለች። ማልቀስ ከፈለግሽ መታጠቢያ ቤት ገብተሽ ቧንቧውን ክፈቺ፣ ውሃው ድምፅሽን ይሸፍንልሻል ትላለች። ሲኒየር ሐኪም ሲሰድብሽ በልብሽ የምታመሰግኚባቸውን ነገሮች አስቢ ትላለች። ባንቺ የታናሽ ወንድሟ ሠርግ ያመለጣት ቀን እትዬ «ደስታን በሩቅ ሆኖ መካፈልም ደስታ ነው» ብላታለች። ስንት ሰዓት ትተኛለሽ፣ ለምን አትተኚም፣ ማንስ ነው የማያስተኛሽ ብላ ግን ጠይቃ አታውቅም። የክፍሉ ኮሪደር ላይ ደግሞ «ምክር ያልሰማ መከራ ይመክረዋል» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። ለእነ ባንቺ ምክሩም መከራውም ከአንድ ቤት ነው የሚላክላቸው።

ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆማ የምትጠይቀውም ይችው እትዬ ናት። ለጥያቄዋ «ደህና አይደለሁም» ብሎ መመለስ ይቻላል። ሕጉ ይፈቅዳል፤ እንዲያውም ያበረታታል። እንዲህ ያለ ሰው ወደ ጽናት ማዕከል ይላካል፤ ግድግዳው ላይ ፏፏቴ የሚወርድበት ለስላሳ ክፍል ነው። እዚያ ትንፋሽ አወሳሰድ ይማራል፤ ትምህርቱ በግማሽ ዓመት ይራዘማል፤ የዕለቱ ተራው ደግሞ በዚያው ቅጽበት ስሙ ቀጥሎ ባለው ጓደኛው ላይ ይወድቃል። ጓደኛው ከሁለት ቀን የዲዩቲ ተረኝነት የወጣ ይሁን፣ ትኩሳት ይኑርበት፣ በሩ አያውቅም። በሩ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉም ደህና ነው። ያገራችን ሰው ድሮም «እንዴት ነህ?» ሲባል ቤቱ ተቃጥሎም «ደህና፣ ተመስገን» ነው የሚለው፤ ሆስፒታሉ ይህንን አደብ ወስዶ መቆለፊያ ሠራበት።

የማይጠይቅ በር አንድ ብቻ ነው፤ የድንገተኛው ክፍል በር። ደም የሚፈሳት ሴት ተይዞ ሰላምታ መለዋወጥ በአንድ ሰሞን ብዙ ስላስጮኸ፣ በሩ ወልቆ በዚያው ቀረ።

ዶክተር ኡመር ሰይድ የባንቺ እኩያ ነው፤ አብረው ገብተው አብረው ሊወጡ ነበር። አባቱ ሐይቅ በምትባል ሌላ ከተማ ሱቅ አላቸው። ቀልደኛ ነው፤ ሲደክመው ይብስበታል። በአንድ የየካቲት ጠዋት ግን አልቀለደም። ከባንቺ ጋር በሩ ፊት ሲገናኙ ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር። የሐይቁ ወባ መሆኑን ሁለቱም አውቀዋል። ግንባሩን በእጇ ዳሰሰችው።

«አንተ፣ እሳት ሆነሃል እኮ! ደህና አይደለሁም በልና ተመለስ።»

«ብመለስ ተራዬ ማን ላይ ነው የሚወድቀው?»

ባንቺ እጇን ከግንባሩ አነሳች።

«አንቺ ላይ» አለ ኡመር። «ትናንት ቆመሽ ስትተኚ አይቼሻለሁ። የደም ሥር መቆንጠጫ በእጅሽ ይዘሽ። እኔ እንኳ የተኛሁት ትንሽ አለኝ።»

«ውሸታም።»

«የሁለታችንን ውሸት ብናወዳድር ያንቺ ይከፋል» አለና ፊቱን ወደ በሩ አስጠጋ።

«ኡመሬ፣ እንዴት አደርክ?» አለች እትዬ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ኡመር።

በሩ ተከፈተ።

የዚያን ጠዋት ወይዘሮ አያልነሽ ቦጋለ ሦስተኛ ልጇን በቀጠሮ በኦፕራሲዮን ልትወልድ ገብታ ነበር። ልጅቱ በደህና ወጣች፤ አለቀሰችም። ከዚያ እናቲቱ ደም ጀመራት። የሚደማውን ሥር ለማሰር ሰከን ያለ እጅ ያስፈልግ ነበር፤ የኡመር እጅ ግን በወባ ይርገበገባል። መሣሪያዎቹ ጮኹ፤ ባንቺ በሌላ ክፍል ነበረች፤ ሲኒየሩ ተጠራ፣ ሲኒየሩ ሌላ ክፍል በሌላ በር ፊት ሰላምታ ሲሰጥ ቆየ። ሲደርስ ኡመር አልጋው ሥር ወድቋል፤ ወይዘሮ አያልነሽ አርፋለች። ባልየው ግቢው ውስጥ አራስ ልጁን ታቅፎ ማንን እንደሚጮህበት ጠፍቶት ዛፉ ላይ ሲጮህ ባንቺ በመስኮት አይታዋለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው ያ ቁጣ ገብቶባት ያልወጣው።

የሆስፒታሉ የሙያ ጉባኤ በኡመር ላይ ተጠራ። የሚወሰነው አንድ ነገር ነው፤ የሐኪምነት ፈቃዱ ይነጠቅ ወይስ ይቆይለት። ጉባኤው ሊቀመጥ አንድ ቀን ሲቀረው የክፍሉ ኃላፊና የጉባኤው ሰብሳቢ ፕሮፌሰር እንግዳወርቅ ባንቺን ወደ ቢሯቸው አስጠሯት። ቋጠሮ ማሰር ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ እጇን በእጃቸው ይዘው። ያን ሰሞን ባለቤታቸውን ቀብረው ነበር። ሠልስቱን እንዳወጡ ሥራ ገቡ፤ በእሳቸውም ጆሮ ውስጥ መካሪ አለ፣ «ሥራ ሐዘንን ያስረሳል» ብሏቸው ኖሯል። ጥቁር ሸሚዛቸው አንገታቸው ላይ ሰፍቷቸዋል።

«የምሥራች አለኝ» አሏት፤ ፊታቸው ላይ ግን የምሥራች አልነበረም። «ከመስከረም ጀምሮ መካሪው በአንቺ ድምፅ እንዲናገር የሆስፒታሉ ቦርድ ወስኗል። ይህ ለማንም ሬዚደንት አልተሰጠም። ለሚመጡት ልጆች ያለሽን ምክር ትቀጂላቸዋለሽ። ስቱዲዮ ነገ ጠዋት ተይዞልሻል።»

«ነገ ጠዋት የኡመር ጉባኤ ነው።»

«ጉባኤው ያንቺን መገኘት አይፈልግም።»

«እንዳልናገር ነው፣ ፕሮፌሰር?»

«እንደሱ ከአፌ አልወጣም።»

«አልወጣም» አለች ባንቺ። «ግን ገብቶኛል።»

እሳቸውም አንገታቸውን ደፉ። መጥፎ ሰው አይደሉም። ባንቺን ያናደዳትም ይኸው ነው፤ መጥፎ ሰው ቢሆኑ ሰድባቸው ትወጣ ነበር። እሳቸው ግን በዕድሜያቸው ሙሉ ትክክለኛውን ያወቁና በየጠዋቱ ለበሩ ደህና ነኝ ያሉ ሰው ናቸው። ስቱዲዮ እንደማትሄድ ነግራቸው ወጣች።

ጉባኤው የተቀመጠው ሐይቁን በሚያሳየው አዳራሽ ነው። ሦስት ፕሮፌሰሮች፣ አንድ የአስተዳደር ሰው፣ እና የጉባኤው ጸሐፊ የሆነ መሣሪያ አሉ። ኡመር ከስቶ፣ የሰው የሚመስል ኮት ለብሶ ብቻውን ተቀምጧል። ባንቺና ከክፍሉ ከዲዩቲ የወጡ ሬዚደንቶች ከኋላ ቆመዋል።

መሣሪያው የዚያን ጠዋት ድምፅ አሰማ። «ኡመሬ፣ እንዴት አደርክ?» «አልሐምዱሊላህ።»

«ድምፁ የእርስዎ ነው?» ሲል ጠየቀ የአስተዳደሩ ሰው።

«የእኔ ነው።»

«ስለ ጤናዎ ተጠይቀው ደህና ነኝ ብለው መስክረዋል።»

«አልመሰከርኩም» አለ ኡመር። «አላህን አመሰገንኩ።»

«የተጠየቁት ጤናዎን ነው።»

«እናቴ የሞተች ቀንም ሰው እንዴት ነህ ሲለኝ አልሐምዱሊላህ ብያለሁ። ያን ጊዜ ደህና ነበርኩ?»

የአስተዳደሩ ሰው ምስጋናና ምስክርነት በመመሪያው አንድ መሆናቸውን በትሕትና አስረዳ። መሣሪያው አልተበላሸም፣ በሩ አልተሳሳተም፣ ተረኛው ራሱ ደህና ነኝ ብሏል፤ እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይህ ነው። ስድስት ሐኪም በሚያስፈልገው ክፍል ሦስት አቁሞ የሚያሠራው ይኸው ሰው እዚያው ወንበር ላይ ውሃውን እየጠጣ ነበር።

ኡመር እንዲናገር ተፈቀደለት። «ጥፋት የለብኝም አልልም» አለ። «እጄ ተንቀጥቅጧል፤ ያውም በዓይኔ እያየሁት። ከተቀመጣችሁ ጀምሮ ስሟን የጠራ የለም፤ አያልነሽ ቦጋለ ትባላለች። እሷን እድሜ ልኬን እሸከማታለሁ፣ ፈቃዴን ብትነጥቁኝም ባትነጥቁኝም። ግን እንደዚያ ሆኜ በሩ ፊት ስቆም ያስገባኝ ማን ነው? እሱንስ ማን ይጠይቀው?»

ያን ጊዜ ባንቺ ከኋላ ወደ ፊት መጣች። እንድትናገር የፈቀደላት አልነበረም። ከፕሮፌሰር እንግዳወርቅ ፊት ቆማ፣ ጎንበስ ብላ፣ ልጅ ታላቁን በሚጠይቅበት ወግ ጠየቀቻቸው።

«ፕሮፌሰር፣ እንዴት አደሩ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ እሳቸው፤ እንዲያው በልማድ፣ ሳያስቡት፣ የባለቤታቸውን ጥቁር ለብሰው።

ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው የሰሙት። የመነጽራቸውን እግር ያዙ፣ ለቀቁ። ከኋላ አንዲት ሬዚደንት እንባዋ መጣ። ጸሐፊው መሣሪያ ግን በለስላሳው ድምፁ «የሰብሳቢው ደህንነት ተመዝግቧል፤ ጉባኤው ሊቀጥል ይችላል» አለ።

ቀጠለም። የኡመር ፈቃድ ተነጠቀ። ውሳኔውን ያነበቡት ፕሮፌሰር እንግዳወርቅ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ድምፃቸው ተሰበረ፣ ውሃ ጠጡበት። ኡመር በማግስቱ ወደ አባቱ ከተማ ወደ ሐይቅ ሄደ። ባንቺ አውቶቡስ ተራ ሸኘችው። አቅፏት «በይ፣ አንቺ ጨርሺ፤ ከመሀላችን አንድ ሐኪም ይውጣ» አላት፤ እሷ ግን ከንዴቷ የተነሳ መልካም መንገድ እንኳ ሳትለው ቀረች።

ስቱዲዮውን እንቢ በማለቷ ማንም አልተቆጣትም። ከቦርዱ ቢሮ አንድ ትሑት ወጣት ደውሎ መምጣቷ እንደማያስፈልግ ነገራት። «ዶክተር፣ የአራት ዓመት ሰላምታዎ አለን» አላት። «በየጠዋቱ በሩ ላይ የተናገሩት። ከዚያ የሚፈለገው ሁሉ ይወጣል፤ አይቸገሩ።»

እንዴት እንደሚወጣ ያየችው በሚያዝያ ነው። ድምፁን ቀደም ብለው ሊሞክሩት ፈልገው ኖሮ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት በሩ ፊት ስትቆም የገዛ ራሷ ድምፅ ተቀበላት። ከእሷ የበለጠ የተኛ፣ ከእሷ የበለጠ የበላ፣ ጥጋብ ያለበት ድምፅ ነበር።

«ባንቺዬ፣ እንዴት አደርሽ?»

ከኋላዋ የዕለቱ ተረኞች ተሰልፈዋል። በድንገተኛው ክፍል ሁለት ሐኪሞች እንዳሉ፣ በቀጠሮ የተያዙት ሴቶች ማናቸውም ጠረጴዛ ላይ እንዳልወጡ አረጋግጣ ነው የመጣችው፤ ምን ልታደርግ እንዳሰበች ግን ለራሷም አልነገረችም ነበር። ይህች ድምፅ በመስከረም ለሚመጣ ለማታውቀው ልጅ ውሃ ጠጪ ልትል ነው። ቧንቧ ከፍተሽ አልቅሺ ልትል ነው። ሌላ ኡመርን አስገብታ፣ በማግስቱ በጉባኤ ፊት ልትመሰክርበት ነው።

«ደህና አይደለሁም» አለች ባንቺ።

«አይዞሽ» አላት በሩ በራሷ ድምፅ። «ስሜትን መናገር ብርታት ነው። ጽናት ማዕከል ይጠብቅሻል። ተተኪ፦ ዶክተር ጫልቱ።»

ጫልቱ የመጀመሪያ ዓመት ናት። ገና ሦስት ዓመት ከፊቷ አላት፤ በጉባኤው ዕለት እንባ የመጣባትም እሷ ናት። ባንቺ ዞር ብላ አየቻት፤ ግቢ፣ አልቀየምሽም ልትላት ነበር። ልጅቱ ግን ቀደመቻት። እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ፣ ለበሩ ሳይሆን ለባንቺ ተናገረች።

«እኔም ደህና አይደለሁም። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ደህና ሆኜ አላውቅም።»

«አይዞሽ» አለ በሩ። ቀጥሎ ያለውን ስም ጠራ። እሱም ደህና አልነበረም። የሚቀጥለውም አልነበረም፤ ከእነሱ አንዱ ይህንን ሲናገር ሳቀ፣ ሌላው ግድግዳውን በቡጢ መታ። ሰላምታው እንደ ዕድር ጥሪ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈ የሬዚደንቶቹን ስም ጨረሰ። ከዚያ መሣሪያው መመሪያው እንደሚያዘው ወደ ሲኒየሮች ተሻገረ። በዚያን ቀን የሲኒየር ተራ የነበራቸው ፕሮፌሰር እንግዳወርቅ ነበሩ። በኮሪደሩ ወዲያ ጫፍ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል።

ቀስ ብለው መጡ። ሰልፉ መንገድ ለቀቀላቸው። ጥቁሩን ገና አላወለቁም።

«ፕሮፌሰር፣ እንዴት አደሩ?» አለ በሩ በባንቺ ድምፅ።

ፕሮፌሰሩ አፋቸውን ከፈቱ። ያ የዕድሜ ልክ ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ «እግዚ—» ብለው ጀምረውታል። ባንቺን አዩ። ባንቺ አልራራችላቸውም።

«ሚስቴን ቀብሬ ሳላለቅስ ነው የመጣሁት» አሉ። «ደህና አይደለሁም።»

በሩ ተከታይ ስም ፈለገ። አጣ። «ተረኛ አልተገኘም» አለ፤ ትንሽ ቆይቶም ለሁሉም ውሃ እንዲጠጡ መከረ። በሩ ተዘግቶ ቆመ። የአስተዳደሩ ሰው ከላይ ፎቅ ደረጃውን እየሮጠ ሲወርድ ይሰማል።

«እንግዲያው» አለች ባንቺ፣ «በኡመር ላይ የፈረዱት ደህና ሳይሆኑ ነው። እሱን ያስቀጣውን ቃል እርስዎም ብለውታል።»

«አውቃለሁ» አሉ። «የዚያን ቀንም አውቄዋለሁ። ፍርዱን ዛሬውኑ እሽረዋለሁ፤ የሚጠይቀኝ ካለም ደህና እንዳልነበርኩ እነግረዋለሁ።» ግንባራቸውን ጠረጉ። «ለኡመር ደውይና ጥሪልኝ።»

ባንቺ ጆሮዋ ውስጥ ጣቷን ከታ መካሪውን አወጣችው። ከወጣም በኋላ መዳፏ ውስጥ ሆኖ በእሷ ድምፅ ይንሾካሾክ ነበር። ጋውኗ ኪስ ውስጥ ጨመረችው።

«አልደውልም» አለች። «የበደለ ሰው ስልክ አይደውልም፤ ሽማግሌ ይዞ ይሄዳል። ሐይቅ ሩቅ ቢሆንም ቤቱን አሳይዎታለሁ። መጀመሪያ ግን የአያልነሽ ባል ቤት ነው የምንሄደው፤ እሱ የምንለውን ካዳመጠን።»

ፕሮፌሰሩ ጋውናቸውን አወለቁና በእጃቸው ላይ አጣጠፉት። የአስተዳደሩ ሰው እያለከለከ ደርሶ፣ የተሰለፉትን አይቶ፣ በሩን አይቶ፣ ምን እንደሚል ሲጠፋው ሰው ሁሉ በሚልበት ወግ ጀመረ።

«እንዴት አደራችሁ?»

ማንም አልመለሰለትም። ተከታትለው በጎኑ አለፉ።